ፓኤያ በጣና ዳር፣ በጾም፣ ለ120 ሰው

ጥያቄው፦ «ባሕር ዳር ነኝ። ታኅሣሥ ውስጥ ቅዳሜ ቀን ቀለበት እናስራለን። እጮኛዬ ለውሃ ምህንድስና ትምህርት ቫሌንሲያ 2 ዓመት ቆይቶ ስለመጣ ምግቡን የስፔን ልናደርገው አስበናል። 120 ሰው ይመጣል፣ ቦታው ሐይቁ ዳር ያለ ግቢ ነው፣ የሚጀመረው ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ያሰብነው ፓኤያ የሚባለው የሩዝ ምግብ በሽሪምፕ፣ ቶርቲያ፣ ጋስፓቾ፣ ታፓስ፣ ቹሮስና ሳንግሪያ ነው። ዓሣና ድንች ስለሚበዛበት ለጾሙም ይመቻል ብለናል። ሽሪምፕ የት ይገኛል? ሳፍሮኑን በእርድ ብተካውስ? ዲኮር የሚሠራልን ልጅ ደግሞ ታኮም ይጨመር ይላል። በእጮኛዬ ወገን ሙስሊም ዘመዶችም አሉ።»

ሽሪምፑን እርሺው። ባሕር ዳር ስሟ እንጂ ባሕር የላትም። ሽሪምፕ የሚመጣልሽ በረዶ ሆኖ ከሩቅ ነው፣ መንገድ ላይ ስንቴ ቀልጦ ስንቴ እንደገና እንደረጋ ደግሞ ማንም አይነግርሽም። ለማንስ ልታቀርቢው ነው? ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ እንስሳ እንደ ርኩስ ለሚያዩ ሽማግሌዎች?

ደግሞ ፓኤያ ያለ ሽሪምፕ አይሆንም ያለሽ ሰው ተሳስቷል። ፎቶ ላይ ጎልታ ስለምትወጣ ነው እንጂ፣ ቫሌንሲያዎች «ይሄ የኛ ነው» ብለው ሽንጣቸውን ገትረው የሚከራከሩለት ፓኤያ ውስጥ ከባሕር የወጣ ነገር የለም። ዶሮ፣ ጥንቸል፣ ፎሶሊያ፣ ጋሮፎ የሚሉት ጠፍጣፋ ነጭ ቦሎቄ መሳይ፣ ቲማቲም፣ ሳፍሮንና የወይራ ዘይት ነው። አንዳንዱ ቀንድ አውጣ ይጨምራል። እንግዲህ ጥንቸልና ቀንድ አውጣ አቅርበሽ ቀለበቱ የሚታሰር ከመሰለሽ ሽማግሌዎቹን አታውቂያቸውም ማለት ነው። የባሕር ፓኤያም አለ፣ ቱሪስቱ የሚያውቀው እሱን ነው። መሠረቱ ግን የገበሬ ምሳ ነው። ማሳው ዳር እሳት አንድዶ፣ ያገኘውን ከሩዝ ጋር በአንድ ሰፊ መጥበሻ። ስሙም የመጥበሻው ስም ነው።

ይህን የምልሽ ወሬ ለማሳመር አይደለም። ከቫሌንሲያ ከተማ በስተደቡብ አልቡፌራ የሚባል ሐይቅ አለ፣ ዙሪያውን የሩዝ ማሳ ነው። እጮኛሽን ጠይቂው፣ 2 ዓመት ኖሮ ሳያየው አይቀርም። አሁን ወደ ራስሽ አገር ዙሪ። ሐይቅ አለሽ። ከሐይቁ በስተምሥራቅ ፎገራ አለልሽ፣ ወረታ ደግሞ በጎንደር መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሜዳው ሩዝ ነው። ሐይቅ፣ ሩዝ፣ ፎሶሊያ፣ ዓሣ። ሌላው ቀርቶ ቫሌንሲያዎች መጨረሻ ላይ ጣል የሚያደርጓት ሮዝሜሪ የኛው የጥብስ ቅጠል ናት። እና አንቺ ሽሪምፕ ፍለጋ አዲስ አበባ ትደውያለሽ።

የዲኮሩን ልጅ ደግሞ ቶሎ አስቁሚው። ታኮ፣ ናቾ፣ ያ ትልቅ ባርኔጣ፣ ቁልቋል፣ ሁሉም ሜክሲኮ ነው። ቋንቋው አንድ ስለሆነ ነው የሚምታታው። ቶርቲያም እንደዚያው ነው። የሜክሲኮው የበቆሎ ቂጣ ነው፣ የስፔኑ ግን ድንችና ሽንኩርት በዘይት ቀስ ብሎ በስሎ ከእንቁላል ጋር የሚጋገር ወፍራም ነገር ነው። ካተሪንጉን «ቶርቲያ» ብለሽ ብታዢ የትኛውን ይዞ እንደሚመጣ እድልሽ ያውቃል። የስፔን ምግብ የሚያቃጥልም አይደለም። በርበሬ እየጨመሩ «ስፓኒሽ» ማለት የለመደብን ከሜክሲኮው ጋር ስለምናደባልቀው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት። ታኅሣሥ ማለት ጾመ ነቢያት ነው፣ ኅዳር 15 ይገባል፣ እስከ ገና ይዘልቃል። ቶርቲያ እንቁላል ነው፣ ስለዚህ ወጣ። የድንች ብዛት አያድነውም። ክሮኬታስ የሚሉት ወተትና ቅቤ አለበት፣ ወጣ። ፍላን የሚሉት የእንቁላልና የወተት ጣፋጭም ወጣ። ዓሣውን በተመለከተ ደግሞ ስፔኖች ካቶሊክ ናቸው፣ በጾማቸው ሥጋ ትተው ዓሣ ይበላሉ፣ ከዓቢይ ጾም ምግባቸው አንዱ ሽምብራ በስፒናችና በደረቀ ዓሣ ነው። «ዓሣ ካለበት ለጾም ይሆናል» የሚለው ሐሳብ ለእነሱ ልክ ነው። እዚህ ግን የሚበላ አለ፣ ጨርሶ የማይነካ አለ፣ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ሁለቱም አንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ይህን ክርክር በቀለበትሽ ቀን ልትፈቺው አትሞክሪ። ዓሣ ያለበትና የሌለበት መጥበሻ ለየብቻ፣ ጭልፋው ለየብቻ፣ ጠረጴዛውም ለየብቻ ይሁን። ፊት ለፊቱ በትልቁ «የጾም» እና «ዓሣ» ተብሎ ይጻፍ። አንድ አዛውንት ሳያውቁ ዓሣ ቀምሰው ቢገኙ የዚያን ቀን ወሬ ቀለበቱ መሆኑ ይቀራል።

ዓሣው ሌላም ጥቅም አለው። የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ብለሽ ሁለት ወጥ ቤት ከማቆም ያድንሻል፣ ዓሣ ላይ የአራረድ ጣጣ የለም። ስለዚህ ዶሮ የሚባል ነገር እዚህ ሜኑ ውስጥ አይግባ። ቀኑ ወደ ጥር ቢገፋ እንኳ ፓኤያውን በዓሣና በአትክልት ትቼ ሥጋውን ለየብቻ ነበር የማቀርበው። ምግቡ ውስጥም ወይን አይጨመር። አንዳንድ ሼፍ ዓሣውን በነጭ ወይን ማሸት ይወዳል፣ አስቀድመሽ ንገሪው።

ሰዓቱንም ቀይሪ። ከምሽቱ 12 አይሆንም። ፓኤያ ስፔን ውስጥ የምሳ ምግብ ነው፣ ማታ የሚያዝዘው እንግዳ ሰው ነው ይላሉ። ለኛ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ሦስት ትልልቅ መጥበሻ ክፍት እሳት ላይ በጨለማ፣ በሐይቅ ዳር ትንኝ መሐል መጠበቅ ስቃይ ነው። ታኅሣሥ ላይ የባሕር ዳር ቀን ሞቃት ሆኖ ማታው ይቀዘቅዛል፣ ሩዙ ሳህን ላይ ሳይደርስ ይበርዳል። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ሰው ይቀመጥ፣ 8 ሰዓት ገደማ ይበላ። ስፔኖችም ምሳ የሚበሉት በዚያው ሰዓት ነው።

ሩዙ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሁሉም የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። ካተሪንጎች እጃቸው ላይ ያለው ባስማቲ ነው። ባስማቲ ረጅም ነው፣ ሳይጣበቅ ተለያይቶ ይበስላል፣ መረቁን ግን አይጠጣም። ፓኤያ ደግሞ ሙሉ ጣዕሙ ሩዙ የጠጣው መረቅ ነው። የቫሌንሲያው ሩዝ አጭርና ድቡልቡል ነው፣ በጣም የሚታወቀው ቦምባ ይባላል፣ ከመጠኑ ሦስት እጥፍ ያህል መረቅ ጠጥቶ አይፈርስም። የፎገራው ኤክስ ጅግናም አጭርና ወፈር ያለ ነው። እሱን ነው የምትፈልጊው። ቦምባ አይደለም፣ ቶሎ ይለሰልሳል፣ ስታርቹም ይበዛል፣ ግን ከባስማቲ አሥር እጅ ይሻላል። ገበያ ላይ «ድቡልቡሉን» ብለሽ ጠይቂ። አንድ እፍኝ ይዘሽ እጅሽ ላይ በትኚው። ስብርባሪ ከበዛው አትግዢ፣ የተሰበረ ሩዝ ስታርቹን ይለቅና ገንፎ ያደርግብሻል። ጠጠርም አይጠፋውም፣ ከሁለት ቀን በፊት ለቀማ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልግሻል። በወንፊት አራግፊው እንጂ አትጠቢው፣ ውሃ የነካው ሩዝ ከመጥበሻው በፊት መራስ ይጀምራል።

ቀጥሎ ውሃው። ቫሌንሲያ ባሕር ጠርዝ ላይ ናት። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ገደማ ነው። ስለዚህ እዚያ 18 ደቂቃ የሚፈጅ ሩዝ እዚህ 22፣ 25 ይፈጃል፣ በዚያ ላይ ሰፊ መጥበሻ ስለሆነ ብዙ ይተናል። ኢንተርኔት ላይ ያለውን ልክ ወስደሽ ብትሠሪ መሐሉ ጥሬ ይቀራል። ለ1 ኪሎ ሩዝ 2 ሊትር ተኩል መረቅ ብለሽ ጀምሪ፣ እስከ 3 ሊትር ሊወስድ ይችላል። የሚጨመረው መረቅ የፈላ ይሁን፣ ቀዝቃዛ ጨምረሽ እሳቱን እንዳታስደነግጪው። ሩዙ አንዴ ከገባና ከተስተካከለ በኋላ ማማሰል የለም። ይህን ወጥ ቤት ላሉት ሴቶች አሥር ጊዜ መንገር ያስፈልጋል፣ እጃቸው አያርፍም። ታቹ ትንሽ ያዝ አድርጎ የሚጠብሰው ሶካራት ይሉታል፣ ሰው የሚሻማበት እሱ ነው። የእንጀራ ድርቆሽና ድስት ታች የሚይዘው ቅርፊት መሐል የሆነ ነገር አድርገሽ አስቢው። ያረረና የተጠበሰ ግን አንድ አይደለም፣ አፍንጫሽን እመኚ።

ድስት አይሆንም። ሰታቴ አይሆንም። ሩዙ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ብቻ ነው ሊኖረው የሚገባ። 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት መጥበሻ ያስፈልጉሻል፣ አንዱ ለዓሣው፣ ሁለቱ ለአትክልቱ። ብየዳ ቤት ማሠራት ትችያለሽ፣ ሁለት እጀታና አራት ጣት ጠርዝ ያለው ዝርግ ነገር ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፣ ዚንክ የተቀባ ላሜራ እንዳይሆን። የሚያብረቀርቀው ቆርቆሮ ማለቴ ነው። ቲማቲም ያለበት ነገር እሳት ላይ ሲበስልበት ዚንኩን ይለቃል፣ ሰው ያማል። ጥቁሩን ብረት አሠሪና ዘይት ቀብተሽ ሁለት ሦስት ጊዜ አሟሺው፣ ምጣድ እንደምታሟሺው።

እሳቱ በጉልቻ ይሆናል፣ እንዲያውም በእንጨት ነው የሚያምረው። መጀመሪያ 8፣ 10 ደቂቃ ኃይለኛ፣ ከዚያ እንጨቱን እየሳቡ መቀነስ። ባሕር ዛፉ በደንብ የደረቀ ይሁን፣ ቅጠል አይኑርበት፣ ካልሆነ ሩዝሽ የጉንፋን እንፋሎት ይሸታል። ከሐይቁ በኩል ንፋስ ሲነሣ እሳቱን ወደ አንድ ጎን ይነዳዋል፣ ግማሹ ሲያር ግማሹ ጥሬ ይሆናል። በዚያ በኩል ቆርቆሮ አቁሙ። ምንም ወጪ የለውም፣ ግን ማንም አያስታውሰውም።

አንድ ጊዜ ለ80 ሰው ቀለበት ፓኤያ ሠራሁ፣ የት እንደሆነ ይቅር። «ሽማግሌዎች ጨርሰዋል፣ ጀምር» ተባልኩ፣ ሩዙን ጨመርኩ። ለካ የጨረሱት የአንዱ ወገን ናቸው። የሌላው ወገን ተነሡ፣ የዘር ሐረግ ተቆጠረ፣ ተመረቀ፣ ተቀለደ፣ እኔ መጥበሻ ላይ ቆሜ ላቤን እጠርጋለሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የቀረበው ነገር በጭልፋ የሚቆረጥ ገንፎ ነበር። ሰዎቹ ጨዋ ስለሆኑ በሉት። ከዚያ ወዲህ ሕጌ አንድ ነው፣ ቀለበቱ ጣት ላይ ሲገባ በዓይኔ ሳላይ ሩዝ አልጨምርም። ቁሌቱ ይሠራ፣ አትክልቱ ይጠበስ፣ መረቁ ይፍላ፣ ይህ ሁሉ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ምንም አይሆንም። ሩዝ ከገባ በኋላ ግን ግማሽ ሰዓት ነው ያለሽ፣ 25 ደቂቃ መብሰያ፣ 5 ደቂቃ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ማረፊያ። ያንን ግማሽ ሰዓት ሰው ፎቶ ይነሣበታል፣ ትንንሾቹን ምግቦች ይቀማምስበታል። ቡፌ ማሞቂያ ላይ ፓኤያ እንዳታስቀምጪ። መጥበሻው ራሱ ሰው ፊት ይቅረብ።

እርድ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። አይሆንም። እርድ ቀለም ይሰጥሻል፣ ጣዕሙ ግን አልጫ ነው፣ ሰው ቀምሶ «የሩዝ አልጫ» ቢልሽ እውነቱን ነው። ሳፍሮን ሽታው ማርና ደረቅ ሣር የተቀላቀለ ዓይነት ነው፣ ሌላ ምንም አይተካውም። ውድ ነው፣ 1 ግራም ለማግኘት 150 ገደማ አበባ በእጅ ይለቀማል። ግን ብዙ አያስፈልግም። ለ10 ኪሎ ሩዝ 3 ግራም በቂ ነው። ሞቅ ባለ መጥበሻ ጥቂት ሰከንድ አሙቂው፣ ፍጪው፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊው፣ ከነውሃው ወደ መረቁ። ስትገዢ ተጠንቀቂ፣ ፍትፍት የምንሠራበት የሱፍ አበባ ደርቆ ሳፍሮን ተብሎ ይሸጣል። አንድ ሁለት ክር ውሃ ውስጥ ጣል አድርጊ። እውነተኛው ቀስ ብሎ ቢጫ ይለቃል፣ ክሩ ራሱ ቀይ ሆኖ ይቀራል። ወዲያው ቀይ የለቀቀ ከሆነ ተሸውደሻል። አቅም ካነሰ ያለ ሳፍሮን ይሁን ወይም ትንሽ የምግብ ቀለም ይጨመር፣ ስፔን ውስጥም ብዙ እናት የምታደርገው እሱን ነው፣ አያሳፍርም።

በርበሬም ልክ እንደ እርድ ነው። የኛ ድልህም ሆነ ዱቄት በርበሬ ኮረሪማ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም፣ ሌላም ሌላም አለበት፣ ገባ ማለት ወጥ ሆነ ማለት ነው። የሚፈለገው ፓፕሪካ ነው፣ ጣፋጩ። ካጣሽ ዛላ በርበሬ ፍሬውን አራግፈሽ፣ ቅመም ሳታስነኪ አስፈጪና ቆጠብ አድርገሽ ተጠቀሚ። ቁሌቱም እንደኛ በደረቁ አይቁላላም፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና የተፈጨ ቲማቲም በዘይት ቀስ ብሎ ጠቆር እስኪል ነው። ንጹሕ የወይራ ዘይት ለ120 ሰው ኪስ ያራቁታል፣ ለመጥበሻው የሱፍ አበባ ዘይት፣ የወይራውን ለቀዝቃዛ ምግብና ለመጨረሻ ጠብታ። ኑግ ዘይት አይሆንም፣ ጣዕሙ ሁሉንም ይውጠዋል።

ከጣና ዓሣ የምመርጥልሽ ቆሮሶ ነው። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው ብዙ ሽማግሌ አይነካውም። ነጩ ዓሣ ጣዕሙ ጥሩ ነው፣ ግን ሥጋው ውስጥ በየቦታው ቀጫጭን እሾህ ተሰግስጎበታል፣ ሩዝ ውስጥ ከገባ ማን ለቅሞ ይበላል? ቆሮሶ ከጠቅላላ ክብደቱ ፊሌቶ የሚወጣው ሲሶ ገደማ ነው፣ ስለዚህ 20 ኪሎ ሙሉ ዓሣ ብትገዢ 7 ኪሎ ገደማ ፊሌቶ ይደርስሻል። 4 ኪሎው ለፓኤያው፣ 3 ኪሎው ለኋላ የምነግርሽ። ጠዋት በማለዳ፣ ጀልባውና ታንኳው ሲገባ ግዢ፣ ዓይኑ ያልደፈረሰ፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነውን። ጭንቅላትና አጥንቱን አትጣይ፣ መረቁ እሱ ነው። ስንጥቡን ግን አውጪው፣ ያመርራል። ፊሌቶው ሩዙ ላይ የሚቀመጠው መጨረሻ 7 ደቂቃ ሲቀር ነው፣ ቀድሞ ከገባ ይበታተናል። እና እባክሽ፣ በሎሚ ብቻ የበሰለ ጥሬ ዓሣ አቀርባለሁ የሚል ሼፍ ካለ አባሪው። እሱ የስፔን ሳይሆን የፔሩ ምግብ ነው፣ የሐይቅ ዓሣ ደግሞ ጥገኛ ተባይ ሊኖርበት ይችላል፣ ሎሚም አቼቶም አይገድለውም።

የቀረውን ሜኑ ፈጠን ልበል። ጋስፓቾ ይቅር። ስፔኖች በሙቀት ወራት የሚጠጡት ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባ ነው፣ ጥሬ አትክልት በጥሬ ውሃ ለ120 ሰው መፍጨት ደግሞ ለሆድ ሕመም በር መክፈት ነው፣ አጎቶችሽም «ወጡ ቀዝቅዟል» ብለው እንዲሞቅ ይመልሱታል። በምትኩ ሴቪያ የሚባለውን የስፔን ከተማ ሽምብራ በስፒናች አድርጊ። ሽምብራው አድሮ ይቀቀላል፣ ዳቦ በዘይት ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተጠብሶ ይፈጭና ማወፈሪያ ይሆናል፣ ፓፕሪካ፣ ከሙን፣ ትንሽ አቼቶ። ስፒናች ካጣሽ ቆስጣ። ከሙን ስልሽ ከሙን ነው፣ ነጭ አዝሙድ ይዘሽ እንዳትመጪ። ሙሉ የጾም ነው፣ እንጀራም ይቀበለዋል፣ ከሁሉ በላይ የሚያልቀው ይሄ እንደሚሆን እወራረዳለሁ። የሽምብራውን ቅቃይ ውሃ አትድፊ። ወፍራም ሆኖ ሲቀዘቅዝ ከነጭ ሽንኩርትና ዘይት ጋር ተመትቶ አሊዮሊ ይሆናል። አሊዮሊ በጥንቱ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ ነው፣ እንቁላሉ በኋላ የመጣ ነው፣ ጥሬ እንቁላል ደግሞ ፀሐይ ላይ የሚቆም ሶስ ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

ታፓስ የአንድ ምግብ ስም አይደለም፣ ከመጠጥ ጋር የሚቀማመስ ትንንሽ ነገር ሁሉ ታፓስ ነው። ለአንቺ ሦስት ይበቃሻል። የተጠበሰ ድንች በቲማቲምና ፓፕሪካ ሶስ (ትንሽ ማቃጠል የሚፈቀድለት ይሄ ነው)። የተጠበሰ ዳቦ ላይ ነጭ ሽንኩርትና የበሰለ ቲማቲም ታሽቶ፣ ጨውና የወይራ ዘይት ጠብ ተደርጎበት፣ ካታላኖች ያለዚህ አይውሉም። ሦስተኛው ያ 3 ኪሎ ዓሣ ነው። ዱቄት ነክቶት ይጠበስና በአቼቶ፣ በዘይት፣ በሽንኩርት፣ በካሮትና በቤይ ሊፍ ይዘፈዘፋል፣ ኤስካቤቼ ይባላል። ከአንድ ቀን በፊት ተሠርቶ ፍሪጅ ያድራል፣ ሲያድር ነው የሚጥመው፣ በቀለበቱ ቀን አንድ ሥራ ይቀንስልሻል።

ቹሮስ ጥሩ ምርጫ ነው፣ ዱቄት፣ ውሃና ጨው ብቻ ስለሆነ ይጾማል። ግን ሊጡ በኮከብ ቅርጽ አፍ ይጨመቅ። ለስላሳ ድቡልቡል ሆኖ ዘይት ውስጥ ከገባ ውስጡ የታፈነው እንፋሎት ያፈነዳዋል፣ ሰው ፊት ላይ ዘይት ተረጭቶ አይቻለሁ። ስኳር ብቻ ይነስነስ፣ ቀረፋው እንደገና ሜክሲኮ ነው። ጥቁር ቸኮሌት በውሃና ትንሽ በቆሎ ስታርች ወፍሮ ይቅረብ። ሳንግሪያውን በደረቅ ቀይ ወይን፣ በብርቱካንና በሎሚ ሥሩት፣ ለማይጠጡት ደግሞ ከርከዴ አፍልታችሁ በዚያው ፍራፍሬ አቀዝቅዙት። መልካቸው አንድ ዓይነት ስለሚሆን ማሰሮዎቹ እንዳይምታቱ፣ ቦታቸው የተራራቀ ይሁን። ቡናው የዘጌ ይሁን፣ እሱ ላይ ስፔን አያስፈልግም።

ፕሮግራም መሪያችሁ ስለ ስፔንና ጣና አንድ ነገር ልበል ካለ ጴድሮ ፓኤዝን ማንሣቱ አይቀርም። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ማኅበር) ካህን በ1603 እ.ኤ.አ. መጥቶ፣ ግሽ ዓባይን አይቶ፣ በ1622 ጎርጎራ ላይ ነው ያረፈው። ታሪኩ ደስ ይላል፣ ግን ከኋላው የዐፄ ሱስንዮስ ሃይማኖት መቀየርና ያስከተለው ደም አለ። ካህናት በተቀመጡበት ቀለበት ላይ ስሙን አታስጠሪ።

እንግዲህ ውሳኔዬ ይኸውና። ምሳ አድርጊው። 10 ኪሎ የፎገራ ሩዝ፣ 6ቱ በፎሶሊያ፣ በቃሪያ፣ በአበባ ጎመንና በነጭ ቦሎቄ፣ 4ቱ በቆሮሶ። ለአንድ ሰው 80 ግራም ገደማ ይደርሳል፣ ጎኑ ሌላ ምግብ ስላለ ይበቃል። የአትክልቱን ያበዛሁት ሁሉም ሊበላው ስለሚችል ነው፣ የእሱ መረቅም የአትክልት ብቻ ይሁን። እንጀራና የጾም በያይነቱ አንድ ጠረጴዛ ሙሉ ይኑር፣ ይህን ስፔን እንዳይሸፍነው። ካተሪንጉ ሦስቱን መጥበሻ በአንድ ጊዜ የሚጠብቁ ሦስት ሰዎች ከሌሉት ፓኤያውን ሰርዢ፣ ሽምብራው፣ ኤስካቤቼው፣ ድንቹና ቹሮሱ ብቻውን ስፔን ነው፣ ማንም አይጎድልበትም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ በዚያው ሩዝ፣ በዚያው መጥበሻ፣ በዚያው ግቢ ለ20 ሰው ሞክሪው። ስንት ሊትር መረቅ እንደጠጣና ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጻፊ። ለሙከራው እናትሽንና የእሱን እናት ጥሪ፣ የማይጥማቸው ነገር ካለ ያኔ ይናገሩ።